አንድ ዲስኬት ሙሉ ሰላምታ

አጸደ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቤታቸው ጉለሌ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አልቆ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነውና ሳቋ ከበር ወጥቶ እንደ ክረምት ጎርፍ ቦይ ቦዩን ይዞ ይወርዳል። ታች የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ወረፋ የያዙት ሴቶች ቀና ብለው «ይቺ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን አግኝታ ነው?» ይባባላሉ።

ዘመኑስ የሚያስቅ አልነበረም። 1982 ዓ.ም. ነው። ስኳር በኩፖን፣ ዘይት በኩፖን የሚታደልበት፣ ስብሰባ ብቻ ያለ ኩፖን እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ። አጸደ ግን እንዲያም ሆኖ የምትስቅበት አላጣችም። የታይፕ ትምህርት ቤት ሳለች የሁሉም ሰው መኪና ቋ ቋ ሲል የእሷ ብቻ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ አስተማሪዋ ከኋላዋ ቆሞ ጣቶቿን ሲያይ ዓይኑ ይዞርበታል። እሷ ደግሞ ይህንን ስለምታውቅ አስተማሪው ሲመጣ ሆን ብላ ትፈጥናለች።

ከዚያ ወዲያ ታች ከተማ ባለ አንድ የግብርና ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ማለዳ ዳገቱን ስትወርድ ማገዶ ተሸክመው ከጋራው የሚወርዱ ሴቶች አብረዋት ይወርዳሉ፤ ማታ ስትወጣ ብቻዋን ትወጣለች፤ እነሱ ሸክማቸውን ሸጠው ቀድመዋታል። መንገዱ ላይ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢታና።

ኢታና የጎረቤት ልጅ ነው፤ አጥር ለአጥር አድገዋል። በልጅነታቸው አጥሩን ሸንቁረው ቆሎ ይቀባበሉ ነበር፤ ካደጉ በኋላ በዚያው ሽንቁር ሌላ ነገር መቀባበል ጀመሩ፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ እሱ የአፈር ትምህርት ሊማር ሆላንድ ሄደ። ሲመለስ ሊጋቡ ተስማምተዋል። ሃይማኖቱን እንኳ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የእሷ ቤት የእንጦጦ ማርያም ወዳጅ፣ የእሱ ቤት ጴንጤ ነበር። የቀረው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስኳር።

የአጸደ እናት እትዬ ማሚቴና የኢታና እናት እትዬ ጌጤ እንደ እህትማማች የኖሩ ናቸው። የነእትዬ ጌጤ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ምእመናኑ በየቤቱ ተሰባስበው ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ፣ እትዬ ማሚቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ስንዴ እየለቀሙ ዘብ ይቆሙላቸው ነበር። የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ «ውጪ አንቺ ድመት!» ብለው ይጮሃሉ፤ መዝሙሩ ጸጥ ይላል። እትዬ ማሚቴ ድመት ኖሯቸው አያውቅም።

ሃይማኖት ያልለያቸውን ስኳር ለያቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር የሚመጣ ቀን ሰው በማለዳ ወጥቶ ወረፋ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ስለማይቻል ድንጋይ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋዩ ወኪሉ ነው። ሁሉም የየራሱን ያውቃል፤ የሌላውንም ያከብራል። ሰው ለሰው በማይተማመንበት በዚያ ዘመን ጉለሌ በድንጋይ ይተማመን ነበር፤ ይህ እንዴት አይገርምም? የእትዬ ጌጤ ድንጋይ ጥቁር ሆኖ ወገቡ ላይ ነጭ ሰንበር ያለበት፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። አንድ ቀን ከጉዳያቸው ሲመለሱ ድንጋዩ ከመስመር ወጥቶ ዳር ተንከባሎ፣ በቦታው እትዬ ማሚቴ ቆመው አገኙ።

«ድንጋዬን ማን ነካው?» አሉ እትዬ ጌጤ።

«በግ ነው። ወደ ሸጎሌ ገበያ የሚነዳ መንጋ አለፈ፤ እሱ ነው የነካው።»

«በጉ የሰው ሁሉ ድንጋይ ትቶ የኔን መረጠ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ በጉን ጠይቂው። እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ፤ አንቺ ድንጋይ አቁመሻል። ከሰውና ከድንጋይ ማን ይቀድማል?»

«እኔ ነኝ የቀደምኩት!»

«እኔ ነኝ እንጂ!»

ስኳሩ እነሱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሁለቱም ባዶ ከረጢታቸውን ይዘው ዳገቱን በሁለት ዳር ወጡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንዴት አደርሽ» የሚባል ነገር በመካከላቸው ቀረ። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ይገዙ ደጋግመው ሊያስታርቁ ሞከሩ። አንዷ «መጀመሪያ እሷ ትምጣ» ትላለች፤ ሌላዋም «መጀመሪያ እሷ ትምጣ» ትላለች። ጋሼ ይገዙ በሁለቱ ደጆች መካከል ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ።

ኢታና ይህን ሲሰማ ለአጸደ ጻፈላት። «እናቶቻችን ሳይታረቁ ሽማግሌ አልልክም። በሁለት አጥር መካከል ቆሜ ሠርጉን በየትኛው ደጅ ልደግስ? ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቆይ፣ ተጨማሪ ትምህርት እንስጥህ እያለኝ ነው። ከግንቦት ማለቂያ በፊት መልስ መስጠት አለብኝ። እርቅ ካለ እመጣለሁ፤ ከሌለ እቆያለሁ።» መቆየት ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ አልጻፈም። አጸደም አልጠየቀችም፤ የቆዩትን ታውቃለች።

በዚያው ዓመት ነው መሥሪያ ቤቱ ያን ዕቃ ያስገባው። ኮምፒውተሩን አጸደ ለምዳዋለች፤ አዲሷ እንግዳ ከጎኑ የተቀመጠች፣ ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጥ፣ በስልክ ሽቦ የታሰረች ሳጥን ነበረች። ሞደም ትባላለች። የአጸደ አለቃ ስብሐት የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። ስብሐት ከውጭ ሲመለስ ሰው ሁሉ ሱፍና ሽቶ ይዞ በሚገባበት ዘመን ሻንጣው ውስጥ ዲስኬት ብቻ ይዞ የገባ ሰው ነው፤ እጮኛው እስከ ዛሬ አልማረችውም። ዲስኬቶቹ ላይ ያለው ፕሮግራም ደብዳቤ ተቀባይና ላኪ ነበር። በተወሰነ ሰዓት ለንደን ያለ ሌላ ኮምፒውተር ስልክ ይደውላል፤ ሳጥኗ እንደ ጫጩት ትንጫጫለች፤ የዚህ ደብዳቤ ወደዚያ ይሄዳል፣ የዚያ ወደዚህ ይመጣል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድ ደብዳቤ ሳምንታት መጠበቅ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይበል? አጸደ መጀመሪያ ቀን ያለችው «በስመ አብ!» ነው።

የአስተዳደሩ ኃላፊ ጓድ ቶለሳ ግን ከመፈረሙ በፊት ጥያቄ ነበረው።

«የዚህ ፕሮግራም ባለቤት ማነው?»

«ባለቤት የለውም፣ ጓድ» አለ ስብሐት። «እ... ማለቴ የጻፉት ሰዎች አሉ። ግን ውስጡን ከነአሠራሩ ገልጠው ለሰው ሁሉ ሰጥተውታል። የፈለገ ይቀዳዋል፣ የጎደለውን ይሞላበታል፣ ለሌላ ያሳልፈዋል።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

ጓድ ቶለሳ ብዙ አሰበ። «ሶሻሊስቶች ናቸው ማለት ነው» አለና ፈረመ። ስብሐት አሜሪካኖች መሆናቸውን ሊናገር አፉን ሲከፍት አጸደ ከጠረጴዛው ሥር በእርግጫ ዘጋችለት።

ሥራው በአጸደ እጅ ወደቀ። ስብሐት አሠራሩን ሲያስረዳት ዓይኑ ያበራ ነበር። «ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ» አላት፣ «የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ክር እንደ ጨሌ የሚሰኩ። ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይፈሳል። ይኼኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱን መቀመጫ ይሰጠዋል። አንዱን ብታጠፊ ሌላው አይነካም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» አለች አጸደ። «እንግዲያው አንዱን እኔ ብሞላው ማንም አይነካብኝም ማለት ነው።»

«በምን ልትሞይው?»

«በሰላምታ።»

ስብሐት የሆላንዱን ጉዳይ ስለሚያውቅ ዞር ብሎ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። መፍቀዱ ነው።

የመጀመሪያው ሰላምታ በለንደን በኩል አልፎ ኢታና ዩኒቨርሲቲ ካለው ኮምፒውተር ደርሶ መልሱ በማግሥቱ ሲመጣ አጸደ ወረቀት ላይ ገልብጣ ለእትዬ ጌጤ ወሰደችላቸው። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ የሚላከው በላቲን ነበር፤ እሷ ናት ወደ ፊደላችን የምትመልሰው። እትዬ ጌጤ ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን አገላብጠው አሸተቱት።

«ትናንት ነው ያለው?»

«ትናንት ነው እትዬ ጌጤ።»

«ትናንት አፉ ያለውን ዛሬ ጆሮዬ ሰማ?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእናትሽ አትንገሪ» አሉ።

ለእናቷ አልነገረችም። እናቷ ግን በአጥሩ ሽንቁር ሰምተው ነበር። ማታ እትዬ ማሚቴ ሽንኩርት እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ለዚያ ልጅ የኔንም ሰላምታ በይልኝ» አሉ። «ልጁ ምን አጠፋ። ግን ለብቻው ጻፊልኝ፤ ከዚያች ሴት ጋር እንዳትቀላቅዪኝ። እንዳትሰማም።»

ወሬ ዳገት አያደክመውም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ጋሼ ይገዙ መጡ። ኢታናን ያስተማሩት መምህር መጡ። ኢታና በልጅነቱ መስኮታቸውን በኳስ የሰበረባቸው ሰውዬ እንኳ መጥተው «መስኮቱን ትቼልሃለሁ በይልኝ» አሉ፤ ሳምንት ቆይተው ተመልሰው «ሁለተኛውን ግን አልተውኩም በይው» አሉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ለጤናዬ ደህና ነኝ።» ሁሉም ደግሞ «ለብቻው ጻፊልኝ» ይላሉ። ሰላምታን ከሌላ ሰው ጋር መዳበል እንደ መሸራረፍ ይታያልና። አጸደ እንቢ ማለት አታውቅም፤ ሁሉንም ለየብቻው ጻፈች። ከተላኩ በኋላም አላጠፋቻቸውም። ሰላምታ ይጣላል እንዴ?

በግንቦት መግቢያ ላይ ስብሐት ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«ደብዳቤ የምናስቀምጥባት ዲስኬት ሞልታለች።»

«በምን?»

«በጉለሌ! የስንዴ ዋግ ጥናት ከለንደን ሊመጣ ሞክሮ ሞክሮ ቦታ አጥቶ ተመለሰ። ጓድ ቶለሳ ለምን አልመጣም ይለኛል። ምን ልበለው? እትዬ እገሊት በጤና ናቸው፣ ጓድ፤ ዋጉን ግን አላውቅም ልበለው?»

«ሰላምታ እኮ ትንሽ ናት፤ ሁለት መስመር!» አለች አጸደ። «ያንተ ዶክተሮች ናቸው ሃያ ገጽ የሚጽፉት።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ። ዲስኬቷ የምትቆጥረው ርዝመቱን ብቻ አይደለም። መቀመጫዎቿ የተወሰኑ ናቸው። ሃያ ገጽ የጻፈም አንድ መቀመጫ ይይዛል፤ ሁለት መስመር የጻፈም አንድ መቀመጫ ይይዛል።»

 አጸደን ሳቅ ያዛት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ድንጋይ ነዋ! የሰው ወረፋና የድንጋይ ወረፋ እኩል ነው።»

ስብሐት ጉለሌ አልኖረም፤ አልገባውም። «የገባኝ ይኼ ነው» አለ፣ «ከሰዓት ለንደን ከመደወሉ በፊት የሰፈርሽን ሰላምታ ሁሉ ጠቅልለሽ አንድ መቀመጫ ላይ አስቀምጪ። አለዚያ ዲስኬቷን እጠርጋታለሁ። በቃ።»

አጸደ ተቀመጠች። የተላኩትን ወረቀት ላይ አትማ ካስቀመጠች በኋላ ከዲስኬቷ አጠፋቻቸው፤ ያልተላኩትን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ይገርማል፤ አንዱ ከሌላው በስም ብቻ ነው የሚለየው! ያ ሁሉ «ለብቻው ጻፊልኝ» አንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ እንደ አንድ ምንጭ ውሃ በተለያየ ማሰሮ። እንግዲህ ሰላምታው አንዴ ይጻፍና ስሞቹ ይደርደሩ። ጣቶቿ መዝነብ ጀመሩ። «እኔ እናትህ ጌጤ፣ እኔ ማሚቴ፣ እኔ ይገዙ...» እያለች ሁሉንም ጠራችና «አንድ ላይ ሆነን እንደምን ሰንብተሃል እንላለን፤ እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ለጤናችን ደህና ነን» ብላ ዘጋችው።

ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ስታስቀምጥ አስተውላ ነበር? እስከ ዛሬ ስትጠየቅ «ቤታቸውም እኮ ጎን ለጎን ነው» ትላለች። ከዚያ በላይ አይወጣትም። ለንደን ሲደውል ግን ሳጥኗ ስትንጫጫ አጸደ ጥፍሯን እየበላች እንደነበር ስብሐት ያስታውሳል።

መልሱ ሲመጣ ብቻዋን ነበረች። አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ እንደ ተወቀጠ ሰው ዝርፍጥ አለች።

«እማዬ፣ እትዬ ማሚቴ» ይላል፣ «ስማችሁን ጎን ለጎን፣ ሰላምታችሁን በአንድ አፍ ሳየው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እልል አልኩ፤ ከዚያ አስወጡኝ። ወጥቼ ያደረግሁት ነገር ለዩኒቨርሲቲው አልቆይም ብዬ መጻፍ ነው። በሰኔ እመጣለሁ። ጋሼ ይገዙ ሽማግሌውን ይምሩልኝ። ከሁለታችሁ ለእርቁ ማን እንደቀደመ ንገሩኝ፤ ስመጣ ቀድሜ የምስመው የእሷን ጉልበት ነው።»

ስብሐት ሲገባ ፊቷን አይቶ ደነገጠ። ነገሩን ነገረችው።

«የላክሁትን መመለስ ይቻላል?»

«ከለንደን? ከሆላንድ? እሱ ካነበበው በኋላ?»

«እሺ ይኼን የመጣውን ባጠፋውስ?»

«ይጠፋል። አንድ ቁልፍ ነው። ሌላው ደብዳቤ አይነካም፣ ብዬሻለሁ። ግን ሰውየውስ? እንቢ ብሎ የጻፈውስ? የሚጠፋው እኮ ደብዳቤው ነው እንጂ ያደረገው ነገር አይደለም።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ኢታና ለውሸት ሲል ትምህርቱን ጥሎ ሊመጣ ነው። ሲደርስ ሁለቱን እናቶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ቢያገኛቸውስ? በማን ይፈርዳል? ያን የመሰለ ፈጣን ጣት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመታ ተነሣ። ወረቀቱን በፊደላችን ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዳገቱን ወደ ጋሼ ይገዙ ቤት ወጣች።

ጋሼ ይገዙ ወረቀቱን አነበቡ፤ የእሷንም ኑዛዜ ሰሙ። መሳል ጀመሩ። ሳል መስሏት ውኃ ልታመጣ ስትነሣ እየሳቁ መሆናቸውን አየች።

«አንቺ የማትረቢ! እኔ ጫማ የጨረስኩበትን አንቺ በጣትሽ?»

«ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው። አልታረቁም።»

«ውሸቱ የቱ ላይ ነው? ጌጤ ሰላም በይልኝ አላለችም?»

«ብለዋል።»

«እናትሽስ?»

«ብላለች። ግን ለብቻ...»

«ሰላምታ ነው የላክሽው፤ ስድብ አልላክሽም። አሁን ሰው ፊት ቆማ 'እኔ ለዚያ ልጅ ሰላም አላልኩም' የምትል እናት ካለች እስቲ ትነሣና እንያት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም ጥሪያቸው። ወረቀቱን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ታነቢዋለሽ፤ ከዚያ አፍሽን ትዘጊያለሽ። እንደምንም ብለሽ።»

እሑድ ሰው ሁሉ በጋሼ ይገዙ ግቢ ተሰበሰበ። እትዬ ጌጤ በአንድ ዳር ውኃ ማጠራቀሚያው በርሜል አጠገብ፣ እትዬ ማሚቴ በሌላው ዳር ኮክ ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ መካከላቸው ሰፈሩ ሁሉ ነበር። አጸደ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋች። «እማዬ፣ እትዬ ማሚቴ፣ ስማችሁን ጎን ለጎን...» ብላ ጀመረች። «ለዩኒቨርሲቲው አልቆይም ብዬ መጻፍ ነው» የሚለው ላይ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ ባሏ አፏን ያዛት። አንብባ ጨረሰች። የሰው ሁሉ ዓይን ከበርሜሉ ወደ ኮኩ፣ ከኮኩ ወደ በርሜሉ ይመላለስ ጀመር።

እትዬ ማሚቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ። «እኔ ለልጁ ሰላም በይልኝ ብያለሁ» አሉ። «አልክድም።»

«እኔስ መቼ ካድኩ?» አሉ እትዬ ጌጤ ከወዲያ።

ጋሼ ይገዙ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ። «እንግዲህ ልጁ የጠየቀው ነገር አለ። መልስ መላክ አለበት። ማን ቀደመ?»

«እሷ ናት!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ተያዩ። ስኳሩ ካለቀበት ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«እኔ? ኧረ አንቺ ነሽ የቀደምሽው!» አሉ እትዬ ማሚቴ። «አንቺ ባታስጽፊ የኔ ስም ካንቺ ስም ጎን ምን ይሠራል?»

«ይኸው! የኔስ ስም ካንቺ ጎን ምን ይሠራል? እኔ ስሰማ ጊዜ ማሚቴ ሆዷ ራርቷል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ!»

«እኔም እኮ ጌጤ ናት ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

«አንቺ ነሽ!»

«አንቺ ነሽ እንጂ!»

አጸደ መሬት መሬት ታያለች። የታችኛው ከንፈሯ በጥርሷ ተይዟል፤ ቢለቀቅ ሳቁ ያጠፋቸዋል።

«ኧረ በሕግ!» አሉ ጋሼ ይገዙ ተነሥተው። «ያኔ እኔ ቀደምኩ፣ እኔ ቀደምኩ ብላችሁ ሰፈር በጠበጣችሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ቀደምሽ፣ አንቺ ቀደምሽ ብላችሁ ልትጣሉ ነው? የሰው ያለህ! ተነሡ። ኑ መሐል ግቡ። ሁለታችሁም እኩል ርምጃ ተራመዱ፤ እኔ አያለሁ።»

ሰው መንገድ ከፈተ። እያንዳንዳቸው ሌላዋ ምን ያህል እንደተራመደች እያዩ መጡ። መሐል ላይ ሲገናኙ ግን መተያየቱ ቀረና አንዳቸው በሌላቸው አንገት ላይ ወደቁ። ምን ያህል እንደተሳሳሙ የቆጠረ የለም።

«ድንጋዬን ግን...» አሉ እትዬ ጌጤ እንባቸውን እየጠረጉ።

«በግ ነው አልኩሽ!»

«እሺ፣ በግ ነው።»

በዚህ ጊዜ አጸደ ከንፈሯን ለቀቀችው። የቀበሌው ሱቅ በዕለቱ ዝግ ባይሆን ኖሮ ወረፋው ሁሉ ቀና ባለ ነበር።

ማታ እትዬ ማሚቴ ልጃቸውን በጎን እያዩ «አንቺ ልጅ» አሉ። «እውነት ጌጤ ናት ያስጀመረችው?»

«እኔ ስማቸው ካንቺ ስም ጎን መቀመጡን ነው ያየሁት፣ እማዬ።» ቃል በቃል እውነት ነበር።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ እትዬ ማሚቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለልጁ ግን እኔ ነኝ የቀደምኩት በይልኝ። ጉልበት መሳሙ... ያው ለአማት ክብር ነው። ለብቻው ጻፊልኝ፤ እንዳትሰማ።»

በማግሥቱ ማለዳ አጸደ ወደ ሥራ ስትወጣ የአጥሩ ሽንቁር «ስ!» አላት። ዓይን ይታያል፤ የእትዬ ጌጤ ዓይን ነው።

«የኔ ልጅ፣ ለኢታና አንድ ነገር ጻፊልኝ። በሰው ፊት አንቺ ነሽ ያልኳት ለትሕትና ነው። እውነቱን ማወቅ አለበት። የቀደምኩት እኔ ነኝ። ለብቻው ነው እንግዲህ።»

አጸደ ሁለቱንም ጻፈች፤ ለየብቻው፣ በሁለት መቀመጫ። ስብሐት አይቶ ጮኸ። «ደግሞ ጀመርሽ?»

«የመጨረሻ ነው» አለችው። የመጨረሻ አልነበረም።

ኢታና በሰኔ፣ ዝናቡ እንጦጦ ላይ ድንኳኑን በተከለበት ሰሞን መጣ። የሚመጣበት ቀን አጸደ በማለዳ በር ስትከፍት ከሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ከመኪና የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ቦታ ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጦ አየች። ወገቡ ላይ ነጭ ሰንበር አለበት። እትዬ ጌጤ ቦታ ይዘው ወጥ ሊሠሩ ገብተዋል።

አጸደ እግዜር ያውጣን አለች። እናቷ ከኋላዋ ወጡ። ድንጋዩን አዩት። ግራና ቀኝ ቃኙ፤ በግ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ሄደው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉበት።

እትዬ ጌጤ ማማሰያ እንደያዙ ከቤት ብቅ አሉ። «ማሚቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ድንጋይሽን ማንም እንዳይነካብሽ እየጠበቅሁልሽ ነው» አሉ እትዬ ማሚቴ፣ ተመቻችተው። «ነይ፤ ለሁለት ይበቃል።»